በወፍጮውና በወንፊቱ መካከል

ስለ ፋብሪካ ሲነገር በቅድሚያ የሚጠቀሰው የሚፈጨው ወይም የሚቀጠቅጠው መኪና ነው። ዕቃውን ከአንዱ መኪና ወደ ሌላው የሚያደርሰው መሣሪያ ግን እንደ ተራ ተሸካሚ ይቆጠራል። ይህ አመለካከት ምን ያህል የተሳሳተ እንደሆነ ለመረዳት የአሜሪካዊውን የኦሊቨር ኤቫንስን የዱቄት ወፍጮ ታሪክ መመልከት ይበቃል።

በ18ኛው ምዕተ ዓመት በነበረው የውኃ ወፍጮ ውኃው ድንጋዩን ያዞራል እንጂ የቀረው ሥራ በአብዛኛው በሰው ጉልበት ላይ የወደቀ ነበር። ከድንጋዩ ሥር ሞቆና ረጥቦ የሚወጣው ዱቄት ወደ ላይኛው ፎቅ ይወሰዳል፤ በዚያም ወለሉ ላይ ተዘርግቶ አንድ ልጅ በባለ ጥርስ እንጨት እያገላበጠ ያቀዘቅዘዋል። በዚህ መካከል በጫማ ይረገጣል፤ ትቢያም ይቀላቀልበታል፤ በደንብ ካልደረቀም ቶሎ ይሻግታል። እንግዲህ ድንጋዩ የቱንም ያህል አሳምሮ ቢፈጭ፣ በወፍጮውና በወንፊቱ መካከል የሚደርሰው ጉዳት ድካሙን ከንቱ ያደርገዋል።

ኤቫንስ እ.ኤ.አ. በ1780ዎቹ በዴላዌር ይህን ክፍተት ለመዝጋት ተነሣ። በቆዳ ቀበቶ ላይ የተደረደሩ ትናንሽ ባልዲዎች እህሉንና ዱቄቱን ሽቅብ ያወጣሉ፤ በሣጥን ውስጥ የሚሽከረከር ጠመዝማዛ ዘንግ አግድም ይገፋል፤ በላይኛው ፎቅም እየዞረ ዱቄቱን የሚያቀዘቅዝና ወደ ወንፊቱ የሚሰበስብ ባለ ጥርስ ክንድ ተተከለ። ሁሉንም የሚያንቀሳቅሰው ያው የውኃ መንኰራኵር ነበር። ክንዱ የልጁን መጠሪያ ወርሶ «ሆፐር ቦይ» ተባለ፤ የልጁ ሥራ ግን በዚያው ቀረ።

ኤቫንስ እ.ኤ.አ. በ1790 የፈጠራ መብት አገኘ፤ ጆርጅ ዋሽንግተንም መሣሪያውን በማውንት ቬርኖን ወፍጯቸው አስተከሉ። የብራንዲዋይን ወፍጮ ባለቤቶች ግን በመጀመሪያ አልተቀበሉትም። ቶማስ ጀፈርሰንም እ.ኤ.አ. በ1813 በጻፉት ደብዳቤ የባልዲው ሰንሰለትና የአርኪሜዲስ ጠመዝማዛ ከጥንት የታወቁ ናቸው ሲሉ ተከራከሩ። ስለ ክፍሎቹ ያሉት እውነት ነው፤ አዲስ የነበረው ክፍሎቹ ተያይዘው አንድ ያልተቋረጠ መንገድ መሆናቸው ነው።

ባልዲውና ጠመዝማዛው ዛሬም በአገራችን የዱቄት ፋብሪካዎች ይሠራሉ። ነገር ግን ዱቄትን ከጫማ ያዳነው ሣጥን ራሱ ካልተጠረገ፣ በማዕዘኑ የቀረው አሮጌ ዱቄት ተባይ ያፈራና አዲሱን ያበላሻል። ስለዚህ የፋብሪካ ፕላን የሚነድፍ መሐንዲስ መኪናዎቹን ከመምረጡ ጋር በመካከላቸው ያለውን መንገድ፣ የመንገዱንም መጥረጊያ በር አብሮ ሊያስብ ይገባዋል።