ዝናቡ ሲዘገይ፦ ጸደይ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ

ሚያዝያ ሲጋመስ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ማሳው ተገምሶ ይታያል፤ ጓሉ ግን አልፈረሰም። በጋውን በገለባ የከረመው በሬ አጥንቱ ይቆጠራል። ያለ እርጥበት ደግመህ እረስ ቢባል ሞፈሩም በሬውም አይችሉትም። የበርበሬ መደብ ያላት ሴት ማለዳ ከወንዝ በጀሪካን እየቀዳች ችግኟን ታጠጣለች፤ እስከ ሰኔ ካላደረሰችው የዓመቱ ገበያ ያልፋታል።

በባሕረ ሐሳብ ጸደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ነው። የሜትዎሮሎጂ ባለሙያዎች ደግሞ ከየካቲት እስከ ግንቦት ያለውን በልግ ይሉታል። የበልግ ትንበያ ወሎና ምዕራብ ጎጃም ላይ እኩል አይከብድም። ወሎ ላይ በልግ ከቀረ የሚታጨድ ሰብል ይቀራል። የምዕራብ ጎጃሞቹ ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ግን በዓመት ከ1,000 ሚሊሜትር በላይ ዝናብ ያገኛሉ፤ አብዛኛውም የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። እዚህ የጸደይ ድርቀት የሚጎዳው በቆሎው የሚዘራበትን ቀን በመግፋት ነው። እንደ ቢኤች 660 ያለው ምርጥ ዘር ለመድረስ አምስት ወር ያህል ይፈልጋል። ሰኔ መጨረሻ ላይ የተዘራ እንደሆነ ፍሬው ሳይሞላ ክረምቱ ይወጣል።

ከዚህ የከፋው ግን የሚያታልል ዝናብ ነው። ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ሁለት ቀን ያወርድና ገበሬውን ዘር ያስጥላል፤ ከዚያ ሁለት ሳምንት ይጠፋል። የበቀለው ይጠወልጋል፣ ያልበቀለውም መሬት ውስጥ ይበላሻል። ዘር በውድ የሚገዛ ሰው እንደገና መግዛት አለበት።

ሽማግሌዎች ዓመቱን በወንጌላውያኑ ይመዝኑታል፤ ዘመነ ዮሐንስ እንዲህ ነው፣ ዘመነ ማርቆስ እንዲያ ነው ይላሉ። ሚያዝያ 23 ጊዮርጊስን ስለ ዝናብ የሚማጠንም ብዙ ነው። በጸሎቱ ላይ ክርክር የለኝም። የዘመናቱ ስሌት ግን አያስኬድም፦ ወንጌላውያኑ በየአራት ዓመቱ ይዞራሉ፣ የፓስፊክ ውቅያኖስን የሚያሞቀው ኤልኒኖ ግን ከሁለት እስከ ሰባት ዓመት ባለው ጊዜ እንደፈቀደ ይመጣል። ኤልኒኖ በመጣበት ዓመት የሰሜን ኢትዮጵያ ክረምት ብዙ ጊዜ ይሳሳል። በ2007 ዓ.ም. የሆነው ይኸው ነው፤ በቀጣዩ ዓመት ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው እርዳታ ጠባቂ ሆነ።

የጎጃም ታሪክ ሲታይ ግን ድርቅ ብቻውን አገር ያጠፋበት ጊዜ ጥቂት ነው። ክፉ ቀን የሚባለውን ዘመን እንውሰድ። በ1880 ዓ.ም. ገደማ በምጽዋ በኩል የገባው የደስታ በሽታ ከብቱን ፈጀው። በ1881 ዐፄ ዮሐንስ በጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ላይ ዘምተው ሠራዊታቸው ጎጃምን በዘበዘው። ዝናብ ቢመጣስ በምን ይታረሳል? በ1977ቱ ረኃብ ደግሞ የጎጃም ፈንታ ሌላ ነበር፤ ከወሎና ከሌላም የተነሡ ሰፋሪዎች በዚያን ጊዜ የጎጃም ክፍል በነበረው በመተከል፣ ፓዌ ላይ ሰፈሩ።

ወደ ትንበያው እንመለስ። የሜትዎሮሎጂ ሥራ በሲቪል አቪዬሽን ሥር ጀምሮ በ1973 ዓ.ም. ራሱን የቻለ መሥሪያ ቤት ሆነ። ዛሬ ኢንስቲትዩት የተባለው ይኸው መሥሪያ ቤት የወቅት ትንበያውን ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛና ከመደበኛ በታች እያለ በሦስት ይከፍላል፤ በየአሥር ቀኑም መረጃ ያወጣል። ለቡሬ ገበሬ እኔ የማስበልጠው የአሥር ቀኑን ነው። የወቅቱ ድምር መደበኛ ሆኖ ሳለ ግንቦት ደርቆ ሊያልፍ ይችላልና።

ችግሩ ትንበያው ለገበሬው መድረሱ ላይ ነው። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል በተነሣው ጦርነት ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። በስልክ ብቻ የሚላክ ትንበያ እንዲህ ባለ ጊዜ ከንቱ ነው። ስለዚህ የዞኑና የወረዳ ግብርና ቢሮዎች የአሥር ቀኑን ትንበያ በልማት ሠራተኛው በኩል፣ በገበያ ቀንና በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ ደጅ ያስነግሩት። ገበሬውም መሬቱ በደንብ ሳይርስና ቀጣዩን አሥር ቀን ሳይሰማ የመጀመሪያውን ዝናብ አምኖ ዘሩን በሙሉ አይጣል።