አድሚራሉ በአድዋ፣ ንጉሡ በኢየሩሳሌም

ከኢየሩሳሌም የድሮው ከተማ ግንብ ውጭ፣ ከያፋ ጎዳና በስተሰሜን፣ ዛሬ የኢትዮጵያ ጎዳና በሚባለው ጠባብ መንገድ ዳር ክቡ ቤተ ክርስቲያን ሲታነጽ፣ አሠሪው ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ አንድ የእንግሊዝ አድሚራል አድዋ ላይ ያስጠብቁ ነበር። ጊዜው እ.ኤ.አ. 1884 ነው፤ ከዚህ በታች የማነሣቸው ዓመታትም፣ ካልጠቆምሁ በቀር፣ በዚያው አቆጣጠር ናቸው። አድሚራሉ ሰር ዊሊያም ሂዌት ይባላል። እኛ የምናውቀው አድዋ ላይ በፈረመው ውል ብቻ ነው፤ ሰውየው ግን አድዋ ሲደርስ ስሙ በአገሩ የገነነ ወታደር ነበር።

ሂዌት በ1834 ብራይተን ተወልዶ ገና በልጅነቱ፣ በ1847፣ ባሕር ኃይል ገባ። ያኔ የጦር መርከብ ዋና ጉልበቱ ሸራ ነበር። በክራይሚያ ጦርነት፣ በ1854፣ ሴቫስቶፖል አጠገብ አንድ ትልቅ መድፍ ሲጠብቅ ሩሲያውያን ከጎን መጡበት። መድፉን አበላሽቶ እንዲሸሽ ትእዛዝ ደረሰው። ከአለቃዬ ከካፒቴን ሉሺንግተን የመጣ ትእዛዝ አይደለም ብሎ እንቢ አለ፤ የምሽጉን ግድግዳ አስፈርሶ መድፉን አዞረና የመጣውን ጦር መለሰ። በዚህና በኢንከርማን ውጊያ ባሳየው ጀግንነት የቪክቶሪያ ክሮስ ኒሻን ተሸለመ። ቀጥሎ በምዕራብ አፍሪካ የአሻንቲ ጦርነት ተካፈለ፤ በ1882 ደግሞ የምሥራቅ ሕንድ ባሕር ኃይል አዛዥ ሆነ። የተሳፈረባት መርከብ ዩርያለስ የዘመኑ ልጅ ናት፤ ሸራም አላት፣ የእንፋሎት ሞተርም አላት።

ቀይ ባሕርን የእንግሊዝ የሆድ ሕመም ያደረገው ይኸው እንፋሎት ነው። ሸራ ነፋስ ይበቃዋል፤ ሞተር ግን የድንጋይ ከሰል የሚጭንበት ወደብ ይሻል። እንግሊዝ በ1839 ኤደንን ያዘች። የስዊዝ ቦይ በ1869 ሲከፈት የሕንድ መንገድ በምፅዋ ፊት ለፊት አለፈ። በእነዚህ ውሃዎች ምን ጦር እንዳለ፣ ወደቡን ማን እንደያዘው ለለንደን የቤት ጉዳይ ሆነ።

ሂዌት ወደ ኢትዮጵያ ተራሮች የወጣው ግን በሱዳን ምክንያት ነው። በዚያ የተነሣው የማህዲ ጦር የግብፅን ወታደሮች ከብቦ ነበር። በየካቲት 1884 የግብፅ ጦር ኤል ቴብ ላይ ከተደመሰሰ በኋላ ሂዌት መርከበኞቹን ሱዋኪን አወረደ፤ በማህዲ የጦር አዛዥ በኡስማን ዲግና ራስ ላይ ገንዘብ ቆርጦ አዋጅ አስነገረ፣ ለንደን ግን አፍራ አዋጁን አስነሣችው። በከሰላ፣ በአመዲብና በሰንሒት የተከበቡት የግብፅ ወታደሮች ሊወጡ የሚችሉት በኢትዮጵያ በኩል ነበር። ኢትዮጵያ ደግሞ በ1875 በጉንደት፣ በ1876 በጉራዕ ግብፅን የመታው የዮሐንስ አገር ናት። ስለዚህ ግብፅን የሚገዛው የእንግሊዝ ኃይል ለማኝ ሆኖ መጣ።

ከአድሚራሉ ጋር የግብፅ ተወካይ ሜሰን ቤይና በኢትዮጵያ ባሻ ፈለቀ የሚባለው፣ ከዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን ጀምሮ አገሩን የሚያውቀው ረጅሙ ካፒቴን ስፒዲ ነበሩ። ራስ አሉላ ተቀበሏቸው። ንጉሠ ነገሥቱ ግን ወዲያው አልመጡም። መርከብ የለመደ ሰው አድዋ ላይ ሳምንታት ቆየ። እኔ ይህን እንደ ንቀት አላየውም። የሚለምነው ማን እንደሆነ ለማስታወስ ዮሐንስ የያዙት ብቸኛ መሣሪያ ጊዜ ነበር።

ውሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ግንቦት 27 ቀን 1876 ዓ.ም. አድዋ ላይ ተፈረመ። መሣሪያን ጨምሮ ዕቃ ሁሉ በምፅዋ በኩል በነፃ እንዲያልፍ፣ ግብፅ የያዘችው ቦጎስ ለኢትዮጵያ እንዲመለስ፣ የተከበቡት ወታደሮች በኢትዮጵያ በኩል እንዲወጡ ይላል። ብዙ ጊዜ የማይነሣው አንቀጽ ጳጳስ ከግብፅ ማስመጣትን የሚመለከተው ነው፤ የግብፁ ከዲቭ በዚህ ጉዳይ ኢትዮጵያን ሊያግዝ ቃል ገባ። ስለ ወደብና ስለ መድፍ በተጻፈ ውል ውስጥ ጳጳስ ምን አገባው የሚል ካለ ወደ ኢየሩሳሌም ይመልከት። በጎልጎታ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ ባለው የዴር ሡልጣን ገዳም የኢትዮጵያ መነኮሳት ጳጳሱን ከሚልኩት ከግብፅ ኮፕቶች ጋር ስለ ቁልፍ ሲጣሉ ስንት ዘመን አልፎ ነበር። በ1838 ወረርሽኝ አብዛኞቹ ካለቁ ወዲህ ይዞታቸው ተዳክሞ፣ ቀድሞ ጎንደርና ትግራይን የሚያውቀው የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ጳጳስ ሳሙኤል ጎባት ስለ እነርሱ እስከ መሟገት ደርሷል። ዮሐንስ ጳጳስንና ኢየሩሳሌምን ለይተው ያዩ አይመስለኝም።

ኢትዮጵያ ቃሏን ጠበቀች። ቦጎስን ተረከበች፣ የተከበቡትንም አወጣች፤ ከሰላ ግን ቀድማ ወደቀች። አሉላ በመስከረም 1885 ኩፊት ላይ ከኡስማን ዲግና ጋር ተዋጉ። ከዚያ በፊት ግን ውሉ ስምንት ወር እንደ ሞላው፣ በየካቲት 5 ቀን 1885፣ ጣሊያን በእንግሊዝ ይሁንታ ምፅዋ ላይ ወረደ። ሂዌት ራሱ ዋሸ ለማለት አልደፍርም፤ የፈረመው በለንደን ስም ነው፣ ለንደን ደግሞ ሐሳቧን ለወጠች። ለዮሐንስ ግን ልዩነቱ ምን ነበር? ቀጥሎ የመጣው ከጣሊያን ጋር የተደረገው የዶጋሊ ውጊያ ነው።

ሂዌት የቻነል መርከቦች አዛዥ ከሆነ በኋላ በግንቦት 1888 ሞተ። በመጋቢት 1889 ዮሐንስ መተማ ላይ፣ እንግሊዝን ያስጨነቀውን ያንኑ የማህዲ ጦር ሲወጉ ወደቁ። የኢየሩሳሌሙ ቤተ ክርስቲያን ገና አላለቀም ነበር፤ ያስፈጸሙት ዐፄ ምኒልክ ናቸው፣ በ1893፣ ደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ተብሎ። እቴጌ ጣይቱም ኢየሩሳሌም ውስጥ ቤት ገዙ፣ መነኮሳቱም በኪራዩ ተረዱ።

የዴር ሡልጣን ጠብ ግን በውል አልተፈታም። በ1970 የትንሣኤ ሌሊት ኢትዮጵያውያኑ በእስራኤል ፖሊስ እርዳታ የሁለት በሮችን ቁልፍ ለወጡ። በቀጣዩ ዓመት የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቁልፉ ለኮፕቶች ይመለስ ሲል ወሰነ፤ መንግሥት ውሳኔውን ሳያስፈጽም ኮሚቴ አቋቋመ፣ ቁልፉም በኢትዮጵያውያኑ እጅ ቀረ።