የንግሥቲቱ እንባና የአበርፋን ገንዘብ

«ዘ ክራውን» የተሰኘው ስለ ንግሥት ኤልሳቤጥ ዳግማዊት የተሠራው ተከታታይ ድራማ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣው ምዕራፉ የአበርፋንን እልቂት አንስቷል።

ኦክቶበር 21 ቀን 1966 በዌልስ የድንጋይ ከሰል ተረፈ ምርት ክምር ተንዶ ትምህርት ቤት ቀበረ። 116 ሕፃናትና 28 አዋቂዎች ሞቱ። ንግሥቲቱ ስፍራው የደረሱት በስምንተኛው ቀን ነው። ድራማውን ያስጨነቀው አለቀሱ ወይስ አላለቀሱም የሚለው ነው። ቤተ መንግሥት ያለበት ታሪክ ዞሮ ዞሮ እዚያው ይገባል!

ከእንባው የከበደው ጉዳይ ግን ገንዘቡ ነበር። አጣሪው ጉባኤ ጥፋተኛ ያለው የመንግሥትን የከሰል ድርጅት ነው። ሆኖም የቀሩትን ክምሮች ለማንሳት፣ ሕዝብ ለተጎጂዎች ካዋጣው ላይ 150 ሺህ ፓውንድ ተወሰደ። በዳይ አጠፋ፣ ተበዳይ ከፈለ። ገንዘቡ የተመለሰው በ1997 ነው፤ ያውም ያለ ወለድ።