ዣን ቲሮልና የእኛ የስልክ ገበያ

ፕሮፌሰር ዣን ቲሮል እ.ኤ.አ. በ1953 በፈረንሳይ ተወለዱ። በአገራቸው ምህንድስናና ሒሳብ ተምረው፣ እ.ኤ.አ. በ1981 ከአሜሪካው ኤም.አይ.ቲ. በኢኮኖሚክስ የዶክትሬት ዲግሪ አገኙ። እ.ኤ.አ. በ1988 ያሳተሙት መጽሐፍ የኢንዱስትሪ አደረጃጀት ኢኮኖሚክስ ዋነኛ መማሪያ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2014 ስለ ገበያ ኃይልና ስለ ቁጥጥር ባደረጉት ትንታኔ የኖቤል ሽልማቱን ብቻቸውን ወሰዱ።

እ.ኤ.አ. በ2004 ካረፉት ዣን ዣክ ላፎን ጋር ያዳበሩት ሐሳብ መነሻው ቀላል ነው። ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ስለ ድርጅቱ ወጪ የሚያውቀው ድርጅቱ ከሚያውቀው ያነሰ ነው። ድርጅቱ «ወጣብኝ» ያለውን ሁሉ ቢሸፍንለት ብክነት ይለምዳል። ቁርጥ ዋጋ ቢተምንለት ደግሞ ወጪው ዝቅተኛ የሆነው ድርጅት ከልክ ያለፈ ትርፍ ያጋብሳል። መፍትሔው የተለያዩ የውል አማራጮችን አቅርቦ ማስመረጥ ነው፤ ምርጫው ራሱ የድርጅቱን ሁኔታ ይገልጣል። ሁለቱ ምሁራን ተቆጣጣሪው በተቆጣጠረው ድርጅት ሊማረክ እንደሚችልም አሳይተዋል።

ይህ ለእኛ ሩቅ አይደለም። እኔ የምኖርበት ክፍለ ከተማ ስያሜው ያለ ገመድ የሚሠራውን ስልክ ያስታውሳል፤ ንፋስ ስልክ። የቴሌኮም ገበያው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 ለውድድር ተከፈተ፤ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ2022 አገልግሎት ጀመረ። ይሁን እንጂ አዲስ ገቢ የነባሩን ምሰሶ መከራየት፣ ደንበኞቹንም ከነባሩ ደንበኞች ጋር ማገናኘት ግድ ይለዋል። የኪራዩ ዋጋ ከተወደደ ፈቃዱ ወረቀት ብቻ ይሆናል፤ ከልክ በላይ ከረከሰ ደግሞ አዲስ ምሰሶ የሚተክል አይኖርም።

የሕግ ሰው ነኝና የአዋጅን ጥቅም አላቃልልም። የገበያ የበላይነትን ያላግባብ መጠቀም የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 813/2006 ከወጣ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። ነገር ግን «አላግባብ» የሚለውን ቃል በችሎት የሚያስረዳው የወጪና የዋጋ ማስረጃ ነው፤ ማስረጃው ያለው ደግሞ በድርጅቱ እጅ ነው።

የኢትዮ ቴሌኮም አብላጫ ድርሻ የመንግሥት ነው፤ ተቆጣጣሪውም የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው። ባለቤትም ዳኛም መሆን ለማንም ፈተና ነው። ስለዚህ ባለሥልጣኑ የኪራይና የማገናኛ ዋጋ የወሰነበትን ስሌት ለሕዝብ ይፋ ማድረግ አለበት እላለሁ። የስልክ ሒሳብ የሚከፍለው ሕዝብ ይህን የመጠየቅ መብት አለው።