አንቲጎኔ

አንቲጎኔ፦ ግሪካዊው ሶፎክልስ የደረሰው ትራጄዲ፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ441 ገደማ በአቴንስ እንደቀረበ ይገመታል። ለቴቤስ ዙፋን የተፋለሙ ሁለት ወንድማማቾች ተገዳድለዋል። ንጉሥ ክሬዮን አንደኛውን በክብር አስቀብሮ፣ ፖሊኔይኬስን ግን ከሃዲ ብሎ ሬሳው ሜዳ ላይ እንዲቀር ያውጃል። እኅታቸው አንቲጎኔ አዋጁን ጥሳ አፈር ታለብሰዋለች። ግጭቱ የክፉና የደግ አይደለም፤ ክሬዮን ለከተማው ሕግ፣ አንቲጎኔ ለአማልክትና ለሙታን ወግ ይቆማሉ። ሁለቱም ግትር ናቸው፤ አንቲጎኔ እኅቷን ኢስሜኔን የምትገፋበት ቃልም ጭካኔ አያጣውም። ልቡ የሚመለሰው ግን ክሬዮን ብቻ ነው፤ ስለዚህ ዋናው አሳዛኝ ገጸ ባሕርይ እሱ ነው የሚሉ ሐያስያን ክርክራቸው በዋዛ አይታለፍም። ነቢዩ ቴይሬስያስ አስጠንቅቆት ሲጸጸት ጊዜው አልፏል። አንቲጎኔ፣ እጮኛዋ ሃይሞንና የሃይሞን እናት ኤውሪዲኬ ራሳቸውን ያጠፋሉ፤ ሞታቸውን ተመልካች የሚሰማው ከመልእክተኛ አንደበት ነው።