ወፍራም የጌጥ ፊደልና የአንባቢው ዓይን

በኬንያው ሞያሌ ሕፃናት እንግሊዝኛና ስዋሂሊን በላቲን ፊደል ይማራሉ፤ ድንበሩን ተሻግሮ ወደ ኢትዮጵያው ሞያሌ የዘለቀ ሰው ደግሞ ከላቲኑ ጎን የግእዝን ፊደል ያገኛል። ሁለቱ ጽሕፈቶች በአንድ ድንበር ቢገናኙም፣ ለርእስና ለማስታወቂያ የሚሆነው ወፍራም የጌጥ ፊደል ታሪካቸው ይለያያል።

በላቲኑ ይህ ዓይነት ፊደል በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በለንደን ተስፋፋ። ነጋዴው ማስታወቂያው ከሩቅ እንዲነበብለት ስለ ፈለገ፣ ፊደል ቀራጮች መስመሩን አወፍረው ጫፉን አስጌጡት። በ1827 እ.ኤ.አ. ዳርየስ ዌልስ በኒውዮርክ የእንጨት ፊደል በመሣሪያ መቅረጽ ከጀመረ በኋላ፣ ትልልቁ ፊደል ዋጋው ረከሰ።

ግእዝ ግን በ1513 እ.ኤ.አ. ዮሐንስ ፖትከን በሮም ባሳተመው መዝሙረ ዳዊት አማካይነት ወደ ማተሚያ ቢገባም፣ ጌጡ በቶሎ አልተከተለውም። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ 33ቱ ፊደላት ከግእዝ እስከ ሳብዕ በ7 ሲባዙ 231 ይሆናሉ። ላቲኑ ግን ትንሹና ትልቁ ተደምሮ 52 ብቻ ነው። እያንዳንዱን የጌጥ ዓይነት በእርሳስ ማውጣት ብዙ ድካምና ወጪ ይጠይቅ ነበር። በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ግእዝን ካካተተ ወዲህ በኮምፒዩተር የሚሠራው የፊደል ዓይነት እየበዛ ሄዷል።

ይሁን እንጂ ጌጥ ልክ አለው። «ሊ» እና «ሌ» የሚለያዩት በእግራቸው ባለው ጭረትና ቀለበት ነው፤ መስመሩ ከልክ በላይ ሲወፍር ቀለበቱ ይደፈናል፣ ጀማሪውም አንባቢ ይሳሳታል። ስለዚህ ወፍራሙ ፊደል ለትምህርት ቤት በርና ለመጽሐፍ ርእስ ይዋል፤ ለንባብ ገጽ ግን ጥርት ያለው ፊደል ይመረጥ።