ከሊማሊሞ በፊት ፍሬን ይታያል

ደባርቅ ላይ ፍሬናችንን ያዩልን ሰው መካኒክ አልነበሩም። ሥራ ያቆሙ የጭነት መኪና ሾፌር ናቸው። ቡና የምንጠጣበት ቤት ደጃፍ ላይ ተቀምጠው መኪናችንን ትንሽ ሲያዩዋት ቆዩና «ወዴት ናችሁ ልጆች?» አሉን።

«ወደ ድብ ባሕር፣ ጋሼ።»

«በዚች?»

ጊዜው 2011 ዓ.ም. ነው፤ እኔ ገና ከኢንጂነሪንግ ተመርቄ ኮድ እየጻፍኩ እንጀራ መብላት የጀመርኩበት። መኪናዋ የአክስቴ ልጅ ንብረት ናት። ባለ ሁለት በር፣ መሬት ልትስም ምንም ያልቀራት፣ ያገለገለች ስፖርት መኪና። ከመነሳታችን በፊት አዲስ አበባ፣ ወኪሉ ጋራዥ አስገብቶ ሙሉ ሰርቪስ አስደርጓታል። ደረሰኙ ኪሱ ውስጥ ነው። የሞተር ዘይት፣ ፊልትሮ፣ ካንዴላ፣ የፍሬን ዘይት፤ ሁሉም «ተቀይሯል» ይላል።

ጋሼ ደረሰኙን አላነበቡም። «ኮፈኑን ክፈት» አሉ። የፍሬን ዘይቱን ክዳን አንስተው አሳዩን፤ የቡና አተላ መስሏል። ከዚያ ጎንበስ ብለው ከጎማው ጀርባ፣ አሮጌው ዘይት ተጨምቆ የሚወጣባትን ትንሽ ብሎን በባትሪ አበሩባት። ጭቃው ደርቆባታል። «ይቺን ብሎን ቁልፍ ከነካት ቆይቷል» አሉ። አራቱም ጎማ ጋ እንደዚያው ነበር።

ነገሩ ለምን እንደሚያስፈራ ለማወቅ ትንሽ ሒሳብ ይበቃል። 1,300 ኪሎ የምትመዝን መኪና 1,000 ሜትር ቁልቁል ስትወርድ የምትለቀው ጉልበት 12.7 ሚሊዮን ጁል ገደማ ነው። 20 ዲግሪ ላይ ያለ 38 ሊትር ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ሞተሩ ካላገዘ አብዛኛው ሙቀት የሚያርፈው ፍሬን ላይ ነው። የፍሬን ዘይት ደግሞ ከአየር ላይ እርጥበት እየሳበ ያረጃል። ዶት 4 የሚባለው ዓይነት አዲስ ሲሆን እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ መቆየት እንዳለበት ደረጃው ያዛል፤ 3.7 በመቶ ውሃ ከገባበት ግን የሚጠበቅበት 155 ዲግሪ ብቻ ነው። ከፈላ እንፋሎት ይሆናል፣ እንፋሎት ደግሞ ሲጫኑት ይጨመቃል። እግርህ ፔዳሉን እስከ ወለሉ ይዞት ይወርዳል፤ መኪናው ግን አይቆምም።

ይህ ገደል መኪናን መፈተን የጀመረው ዛሬ አይደለም። የፋሺስት ፓርቲው ጸሐፊ አቺሌ ስታራቼ መጋቢት 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጎንደር የገባው በካሚዮን በተጫነ ጦር ነበር፤ ከአስመራ ሲነሳ ግን በሰሜን ተራሮች በኩል አልሞከረም። በምዕራብ ዞሮ፣ በኦምሐጀር በኩል መጣ። በገደሉ ላይ የተጠማዘዘውን የሊማሊሞን መንገድ ጣልያኖች የሠሩት ከዚያ በኋላ ነው። ከደባርቅ አጠገብ ያለውን ወልቀፊትንም ምሽግ አደረጉት። ያ ምሽግ በ1934 ዓ.ም. በመስቀል ሰሞን እጁን ሰጠ፤ ጎንደርም ኅዳር 18 ቀን ተከተለ።

ጣልያን ሄደ፤ መንገዱና ቃላቱ ቀሩ። መኪና፣ ጎማ፣ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ኩሽኔታ፣ ካቻቢቴ፣ ጎሚስታ፣ ባትላሜራ፤ ዛሬም ጋራዥ ገብተህ በአማርኛ የምታወራ ይመስልሃል እንጂ ግማሹ ጣልያንኛ ነው። በኋላ ደግሞ ፊያት 682 ኤን ትሬ መጣና የአገሩን ጭነት ተሸከመ። ጋሼም የነዱት ኤን ትሬ ነው።

የፍሬን ዘይት ፍለጋ ልጅ ልከን ስንጠብቅ ስለዚያ ዘመን አጫወቱን። ሾፌሩ መንገድ ላይ ራሱ መካኒክ ነበር። ረዳቱ ከመኪናው ሥር ይገባል፣ ያጠብቃል፣ ይቀባል። ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ይቆማል፤ ፍሬን ይሞከራል፤ ጎማ በመዶሻ ይመታል፤ ታኮ በእጅ ይያዛል። «ለምን መሰላችሁ?» አሉን። «ፍሬኑን የሠራው ልጅ ጋቢና ውስጥ አጠገቤ ነው የሚቀመጠው። እኔ ገደል ከገባሁ እሱም ይገባል።»

እኔን የያዘኝ ይህ ነው። በእሳቸው ጊዜ የሚጠግነውና የሚወርደው አንድ መኪና ውስጥ ነበሩ። በእኛ ጊዜ ደረሰኙን የፈረመው ሰው አዲስ አበባ ነው፤ ሊማሊሞን አይወርድም። ክፉ ሰው ነው አላልኩም። ምናልባት ሰዓት አልቆበት ይሆናል፣ ምናልባት ወረቀቱ ላይ ያሉትን ሳጥኖች በሙሉ ምልክት ማድረግ ልማድ ሆኖበት ይሆናል። እኔም ቴስት ሳላደርግ «ተጠናቋል» ያልኩት ኮድ አለ። ኮዱ ችግር ሲፈጥር እኔ ተኝቼ ነበር፤ ሌሊት የተደወለለት ሌላ ሰው ነው።

እኛ አገር ደግሞ ይሉኝታ አለ። ባለሙያን «አሳየኝ» ማለት «አላመንኩህም» ማለት ይመስለናል። የአክስቴ ልጅም ያፈረው ለዚህ ነው፤ ጋራዡ ውስጥ ቆሞ ማየት ፈልጎ «ይከፋቸዋል» ብሎ ደንበኛ ማረፊያው ውስጥ ሻይ ሲጠጣ ቆየ። የኤን ትሬ ሾፌሮች ግን ረዳታቸውን ስለማያምኑት አልነበረም ጎማ የሚመቱት። ማየት የሥራው አካል ስለነበረ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይኸው ነው።

ዘይቱ ተገኘ። አንዱ ፔዳል ሲረግጥ ሌላው ብሎን ሲከፍት፣ አሮጌው ወጥቶ ንጹሑ እስኪመጣ ድረስ ከሰዓቱ አለቀብን። ጋሼ ገንዘብ አልቀበልም አሉ፤ ቡናቸውን ብቻ ከፈልን። ሲሸኙን «በምትወጣበት ማርሽ ውረድ» አሉት የአክስቴን ልጅ። በሁለተኛ ማርሽ፣ ሞተሩ እየጮኸ፣ ፍሬን እየነካን እየለቀቅን ወረድን።

ከዚያ ወዲህ መኪና ሰርቪስ ስናስገባ ልማድ አለን። ፊልትሮው ላይ በማርከር ቀን እንጽፋለን፣ የዘይቱን ቀለም ከመግባቱ በፊትና በኋላ ፎቶ እናነሳለን፣ የተቀየረውን አሮጌ ዕቃ እንዲመልሱልን ከሥራው በፊት እንጠይቃለን። ጥሩ መካኒክ አይከፋውም፤ እንዲያውም ጠርቶ ያሳያል። መሥሪያ ቤትም ሰው ኮዴን መስመር በመስመር ሲያይብኝ ድሮ እንደሚከፋኝ አይከፋኝም።

ድብ ባሕር ስንደርስ ጀንበር እያዘቀዘቀች ነበር። ወርደን አራቱንም ጎማ ዞረን አየን፣ አሸተትን። የተቃጠለ ነገር አይሸትም። ከዚያ ነው ሻይ ያዘዝነው።